የዓሣ ኩሬ ውኃ ለምን መንቀሳቀስ አለበት?

በጋሞ ዞን አርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ የሚገኙት ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ዶርጋና ጫኖ ጫልባ ቀበሌዎች ከሐሬ ወንዝ በሚጠለፍ ውኃ ሙዝና ማንጎ ያለማሉ። የአካባቢው ዓሣ ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ነው። በመስኖ ቦይ አጠገብ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ ለማርባት የሚያስብ አርሶ አደር አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጫጩትና ስለ መኖ ነው። በኩሬ ያለ ዓሣ በአንድ ሌሊት ሲያልቅ ግን ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የኦክስጅን እጥረት ነው።

ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ነው። ውኃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ንጹሕ ውኃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል መያዝ ሲችል፣ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 7.5 ሚሊግራም ይወርዳል። የጫኖ ሜዳ ከባሕር ጠለል ከ1,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ በመሆኑ ከዚህም ላይ ከ10 በመቶ በላይ ይጎድላል። ቆሮሶ ችግር ቻይ ዓሣ ነው፤ ሆኖም በሚገባ እንዲያድግ ኦክስጅኑ በሊትር ከ3 ሚሊግራም በታች ባይወርድ፣ ቢቻል ከ5 በላይ ቢሆን ይመረጣል።

ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ጥቃቅን ዕፅዋት ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመነጫሉ፤ ሌሊት ግን እነርሱም እንደ ዓሣው ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ኦክስጅኑ እጅግ የሚያንሰው ጎሕ ሲቀድ ነው። በዚያ ሰዓት ዓሦቹ ወደ ላይ መጥተው አፋቸውን ከፈት ከደን ሲያደርጉ ከታዩ ተርበው አይደለም፤ ታፍነው ነው። መኖ መጨመር ጉዳቱን ያባብሳል።

የውኃ እንቅስቃሴን ጥቅም አጥብቀው ከሚያውቁት መካከል በመስታወት ገንዳ ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ይገኛሉ። ኮራል በቀይ ባሕርና በሌሎች ሞቃት ባሕሮች ከዐለት ጋር ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ነው። ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ ምግቡንና ኦክስጅኑን የሚያመጣለት፣ ቆሻሻውን የሚያነሣለትም ማዕበሉ ነው። አሳዳጊዎቹ ትንንሽ ፓምፖችን ፊት ለፊት አስቀምጠው በየተራ በማሠራት፣ በሰዓት የገንዳውን ይዘት 20 እጥፍና ከዚያ በላይ የሚሆን ውኃ ያንቀሳቅሳሉ።

ይህ ልክ ለቆሮሶ ኩሬ አይሆንም። ርዝመቱ 20፣ ስፋቱ 10፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ኩሬ 200,000 ሊትር ይይዛል። በሰከንድ 1 ሊትር ብቻ ያለማቋረጥ ቢገባበት በቀን 86,400 ሊትር ይሆናል፤ የኩሬው ውኃ በሁለት ቀን ከግማሽ ባልሞላ ጊዜ ተለወጠ ማለት ነው። በፍግ የዳበረው፣ ቆሮሶው የሚመገበው አረንጓዴ ውኃም ታጥቦ ይሄዳል። በዚህ ዓይነቱ ኩሬ የሚያስፈልገው በትነትና በስርገት የጎደለውን መተካት፣ ያለውንም ውኃ ማናወጥ ነው።

የሚገባው ውኃ በቱቦ ከኩሬው ወለል በላይ መጥቶ በድንጋይ ላይ እየተሰባበረ ቢወድቅ አየር ይቀላቅላል። በተለይ ከጉድጓድ የሚወጣ ውኃ ብዙ ጊዜ ኦክስጅን ስለሚያንሰው ይህ ሊታለፍ አይገባም። መውጫው በተቃራኒው ጥግ ሆኖ ውኃውን ከሥር ቢስብ ይመረጣል፤ የሚበሰብሰው ዝቃጭና ኦክስጅን የሌለው ውኃ ያለው ከታች ነውና። መግቢያው ላይ ወንፊት ካልተደረገ አምባዛ ገብቶ ጫጩቱን ይበላል። በዝናብ ወራት የሚወርደውን ደለል የበዛበት ጎርፍም ሆነ ፀረ ተባይ ከተረጨበት ማሳ የሚመለሰውን ውኃ ወደ ኩሬው ማስገባት አይገባም።

ነፋስ ያለ ክፍያ የሚሠራ ፓምፕ ነው። በጫኖ ሙዙ እስከ ኩሬው አፋፍ ድረስ ሊተከል ይችላል፤ ቦታ መቆጠብ ቢመስልም ነፋሱን ይጋርዳል፣ የሚረግፈው ቅጠልም በውኃው ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል። ቢያንስ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ጥቂት ሜትሮች ክፍት መተው ያዋጣል።

የመስኖ ተራው ሳይደርስ ዓሦቹ መታፈን ከጀመሩ ፍግና መኖ ወዲያው ይቋረጣል። ለመስኖ የሚያገለግለው የውኃ መሳቢያ ሞተር የኩሬውን ውኃ ከላይኛው ክፍል ስቦ ወደ አየር እየረጨ እዚያው ይመልሰዋል። ሞተር ከሌለ በባልዲ እየቀዱ ከከፍታ ማፍሰስም ይረዳል፤ ፀሐይ ወጥታ ዓሦቹ ወደ ታች እስኪመለሱ ድረስ ግን ማቋረጥ አይገባም።