ቆርኪውን ማን ገለበጠው?

አንድ እፍኝ ቆርኪ ጠረጴዛ ላይ በትኑ። ከፊሉ ጥርሱን ወደ ታች ያደርጋል፣ ከፊሉ በጀርባው ይተኛል። ለስላሳ ወይም ቢራ የሚታሸግበት ፋብሪካ ውስጥም ነገሩ የሚጀምረው እንደዚሁ ነው፤ ቆርኪው በካርቶን ይመጣና እንደ እህል ማሽኑ አናት ላይ ይገለበጣል። ጠርሙሱ አፍ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ጥርሱን ወደ ታች አድርጎ ተሰልፏል። በመሀል ምን ተፈጠረ?

ስለ አውቶሜሽን ሲወራ የምንሰማው ስለሚቆርጠው፣ ስለሚበይደው፣ ስለሚያሽገው ማሽን ነው። እሱስ ይሁን። ከባዱ ሥራ ከዚያ በፊት ያለው ነው፦ ከተዘበራረቀ ክምር ውስጥ አንድ ዕቃ ማንሳትና በትክክለኛው ጎኑ ማዞር። የሁለት ዓመት ሕፃን ሳያስበው የሚያደርገውን ይህን ነገር ለማሽን ማስተማር ኢንጂነሮችን ከመቶ ዓመት በላይ አስለፍቷል። እስከዚያው ድረስ ሥራውን የያዘው የሰው ጣት ነበር።

አዳም ስሚዝ በ1776 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሥራ ክፍፍልን ለማስረዳት የመረጠው የስፒል ፋብሪካን ነው። 10 ሰዎች ሥራውን ተከፋፍለው በቀን ከ48,000 በላይ ስፒል ያወጣሉ። ምሳሌውን ኢኮኖሚክስ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙዎቻችን ዘለን የምናልፈው ግን አንድ ሐረግ አለ፦ ስፒሎቹን ወረቀት ላይ መሰካት ራሱን የቻለ ሙያ ነው ይላል። ስፒል ያኔ የሚሸጠው ወረቀት ላይ በረድፍ ተሰክቶ ነበር፣ ጭንቅላቱ ሁሉ በአንድ በኩል፣ ጫፉ ሁሉ በሌላ በኩል።

ጆን አየርላንድ ሃው የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም ደግሞ ድሆች በሚጠለሉበት ተቋም ሲሠራ ተጠላዮቹ ስፒል በእጃቸው ሲሠሩ ያያል። በ1832 ስፒል የሚሠራ ማሽን ፓተንት አወጣ፤ ፋብሪካውም በኋላ ወደ ኮኔክቲከት ተዛወረ። ማሽኑ ሽቦ ይውጣል፣ ስፒል ይተፋል። ግን የሚተፋው ክምር ነው። ክምር ደግሞ አይሸጥም። ስለዚህ ስፒሉና ወረቀቱ በአካባቢው ላሉ ቤቶች ይታደል ነበር፤ ሴቶችና ልጆች ቁጭ ብለው አንድ በአንድ ይሰኩታል። የፋብሪካው ጎብኚ የሚያየው የሚያብረቀርቀውን ማሽን ነው፤ የሥራው ጭራ ግን በየሰው ጓዳ ተበትኗል። ለእኔ ከስሚዝ 48,000 ስፒል ይልቅ ይሄኛው ነው ዘመናዊ የሚመስለኝ።

በ1840ዎቹ መሰኪያ ማሽኑም መጣ። ብልሃቱ ቀላል ነው፣ ዛሬም ይሠራል። ሁለት ሐዲዶችን ጎን ለጎን አድርጉ፤ በመሀላቸው ያለው ክፍተት ከስፒሉ አካል ትንሽ ይስፋ፣ ከጭንቅላቱ ይጥበብ። ስፒሎቹን ላዩ ላይ ስትበትኑ አካላቸው ወደ ክፍተቱ ይወድቃል፣ ጭንቅላታቸው ይያዛል። ኮት መስቀያ ላይ እንደተንጠለጠለ ኮት ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ተንጠልጥለው ይሰለፋሉ። አግድም የተኛው ይጠረጋል።

ይህ ሐሳብ ነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አድጎ ነዛሪ መጋቢ ሳህን የሆነው። ከውጭ ሲታይ የብረት ጎድጓዳ ሳህን ነው። በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ከታች ወደ ላይ እየተጠመዘዘ የሚወጣ ጠባብ መንገድ አለ። ሳህኑ ሰያፍ በቆሙ ጠፍጣፋ ሞላዎች ላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ያለው ኤሌክትሮማግኔት በሰከንድ 50 ወይም 100 ጊዜ ይስበዋል፣ ይለቀዋል። ሞላዎቹ ሰያፍ ስለሆኑ ሳህኑ ዕቃውን ወደ ላይም ወደ ፊትም ይገፋዋል፤ ሳህኑ ወደ ኋላ ሲመለስ ዕቃው ገና አየር ላይ ስለሆነ ትንሽ ወደ ፊት ያርፋል። እንዲህ እየዘለለ አንድ ሳህን ብሎን ዳገት ይወጣል። (ሰፌድ ስታንገዋልል እናቱን ያየ ሰው ነገሩ ብዙም አይገርመውም። ምቱን ካገኙት ፍሬው ራሱ ይሄዳል።)

መንገዱ ላይ ወጥመዶች አሉ። ዝቅ ያለች ምላጭ የቆመውንና የተደራረበውን ጠርጋ ትጥላለች። አንድ ቦታ መንገዱ ይጠብና ከአንድ ረድፍ በላይ አያሳልፍም። ሌላ ቦታ ጠርዙ ይቆረጥና ከባድ ጎኑን ወደ ውጭ ያደረገ ዕቃ ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል። የወደቀው ተመልሶ ሳህኑ ውስጥ ነው፤ እንደገና ይሞክራል። ኮድ ለምጽፍ ሰው ይህ ከብረት የተቀረጸ ፕሮግራም ነው፤ ኢፍ አለው፣ ሉፕ አለው፣ ዳታው ራሱ ብሎኑ ነው። ካሜራ የለ፣ አእምሮ የለ። የተሳሳተውን ብቻ ይጥላል፤ ሲጨርስ የሚቀረው ትክክለኛው ነው።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ዕቃው እኩል ዕድል ባላቸው 4 ዓይነት አቀማመጦች የሚያርፍና አንዱ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ፣ ከወጣው ሦስት አራተኛው ተመልሶ ይወድቃል። ሳህኑም የሚያገለግለው ለአንድ ዓይነት ዕቃ ነው። ወጥመዶቹን የሚያስተካክለው ደግሞ ባለሙያ ነው፤ ይሞርዳል፣ ይሞክራል፣ እንደገና ይሞርዳል። እጅን የሚተካው ማሽን በእጅ ነው የሚሠራው።

ይህን ዕደ ጥበብ ወደ ሒሳብ ካመጡት አንዱ ጄፍሪ ቡዝሮይድ ነው። በ1960ዎቹ እንግሊዝ አገር በሳልፎርድ፣ በኋላም አሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ ትናንሽ ዕቃዎች ሲወድቁ በየትኛው ጎናቸው እንደሚያርፉ፣ የቱ ወጥመድ ስንቱን እንደሚያሳልፍ ከባልደረቦቹ ጋር እየለካ መዘገበ። ቆይቶ ግን ጥያቄው ተገለበጠ። ማሽኑ ዕቃውን ማዞር ካቃተው፣ ለምን ዕቃውን አንቀይረውም? ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን፣ የትም ቢዞር ልክ ነው። ካልተቻለ ልዩነቱ ጎልቶ ይታይ። እርስ በርሱ የሚተበተብ ሞላ ጫፉ ይዘጋ። ሁለት ዕቃ አንድ መሆን ከቻለ አንድ ይሁን። ቡዝሮይድና ባልደረባው ፒተር ዱወርስት በዚህ ሥራ በ1991 የአሜሪካን ብሔራዊ የቴክኖሎጂ ሜዳልያ ተሸለሙ። ዙሪያችን ያለው ዕቃ ቅርጽ፣ በትንሹም ቢሆን፣ ዓይን የሌለው ማሽን እንዳይቸገር ተብሎ የተወሰነ ነው።

አይቢኤም ትምህርቱን ጥግ ድረስ ወሰደው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ፕሮፕሪንተር የተባለውን ፕሪንተር ሮቦት እንዲገጣጥመው አስቦ ሠራው፤ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ቻርሎት ከተማ ላይም አውቶማቲክ ፋብሪካ አቆመለት። ከዚያ በፊት ይሸጠው የነበረው ፕሪንተር ከ150 በላይ ክፍሎች ነበሩት፤ አዲሱ ወደ 32 ወረደ። ብሎን የለውም፣ ሁሉም ነገር ቀጭ ብሎ ይገባል። የመገጣጠሚያው ጊዜም ከግማሽ ሰዓት ገደማ ወደ 3 ደቂቃ ገደማ ቀነሰ።

የ3 ደቂቃው ነገር ነው ጉድ ያመጣው። ለሮቦት ተብሎ እንዲህ የቀለለ ሥራ ለሰው እጅ ጨዋታ ሆነ። አንድ ሠራተኛ ያለ መፍቻ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ፕሪንተሩን ገጥሞ ይጨርሳል። ሮቦቶቹ ግን ቀድመው ተገዝተው ነበር።