አረጋውያን ታካሚዎችን ስለ መድኃኒት አጠቃቀማቸው መጠየቅ፦ ሳንጃን መነሻ ያደረገ ትንታኔ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው አረጋውያን መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ከባለሙያ ዓይን ርቀው፣ በቤታቸው ነው። ስለዚህ ስለ አወሳሰዳቸው የምናገኘውን መረጃ በአብዛኛው የሚወስነው አጠያየቃችን ነው። ይህ ጽሑፍ የአዎ ወይም የአይደለም መጠይቅ ለሳንጃና ለአካባቢዋ አረጋውያን ብቻውን እንደማይበቃ ይሞግታል። በምትኩም ከዕለት ውሎ፣ ከበዓላት አቆጣጠርና በእጅ ካለው መድኃኒት የሚነሳ ቃለ መጠይቅ ያቀርባል።

መግቢያ

የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ሳንጃ በሕክምና ጥናቶች ስሟ ደጋግሞ የሚነሳው በቢልሃርዝያ ነው። ለተማሪዎች የበሽታው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል በዘመቻ ሲታደል ኪኒኑ የሚዋጠው በአዳዩ ፊት ነው፤ መወሰዱ ስለታየ መጠየቅ አያስፈልግም። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው አረጋዊ ግን የወር መድኃኒታቸውን ይዘው ወደ ቀበሌያቸው ይመለሳሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለሙያው እጅ ያለው ማስረጃ ልኬቱና የእሳቸው ቃል ነው። ልኬቱ ከፍ ብሎ ሲገኝ መድኃኒቱ አልሠራም ወይስ አልተወሰደም? ይህ ሳይለይ መጠኑ ከተጨመረ፣ ታካሚው ሁሉንም በትክክል መውሰድ በጀመሩበት ቀን ግፊታቸው ወይም ስኳራቸው ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል።

ከጎንደርና ከጅማ ሆስፒታሎች ተነስቶ ሥር የሰደዱ ሕመሞችን ክትትል ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ያወረደው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2007 ለኅትመት በቅቷል። ያ ሥራ ሕክምናውን ለታካሚው መንደር አቅርቧል። የቀረው ጥያቄ ታካሚው እቤቱ የሚያደርገውን እንዴት እንወቅ የሚለው ነው።

የመጠይቁ ወሰን

ሞሪስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ባለ አራት ጥያቄ መጠይቅ እስከ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል። መርሳትን፣ ቸልተኝነትን፣ ሲሻል ማቋረጥንና ሲብስ ማቋረጥን ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ «አዎ» ማለት ጉድለትን እንዲያሳይ ሆነው ተቀርጸዋል፤ ይህም ሁሉን በእሺታ የመመለስን ልማድ ለመከላከል ነው። በእኛ አረጋውያን ዘንድ ግን ጨዋነት የሚገለጠው በእሺታ ብቻ አይደለም፤ የረዳን ሰው ባለማስቀየምም ነው። «የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» የሚለው መልስ በዚህ መጠይቅ ሙሉ ነጥብ ያስገኛል። በልጃቸው ፊት ቸልተኛ ነኝ የሚሉ አዛውንት ማግኘትም ይከብዳል። መጠይቁ ብዙ ሰዎችን ለማነጻጸር ይጠቅም ይሆናል፤ የአንድን ሰው መድኃኒት ለማስተካከል ግን የጉድለቱን ምክንያት አይነግረንም።

ከውሎና ከቀን አቆጣጠር መነሳት

«መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» ከማለት «እማማ፣ ትናንት ከእንቅልፍዎ ተነስተው እስኪተኙ ድረስ ምን ሠሩ?» ብሎ መጀመር ይሻላል። ትረካው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ፣ ቡና ሲፈላ፣ ምግብ ሲቀርብ ኪኒኑ የት ላይ እንደገባ ወይም እንደቀረ ራሱ ይወጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ እናት የስኳር መድኃኒት የሆነውን ግሊቤንክላማይድን እንደ ወትሮው በጠዋት ከዋጡ አደጋ አለው፤ መድኃኒቱ ምግብ ኖረም አልኖረ ሰውነት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋልና። ላቡንና መንቀጥቀጡን የጾም ድካም ነው ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። በረመዳን ለሚጾሙም ስሌቱ ይኸው ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው መጾማቸው ብቻ ሳይሆን በጾም ቀን ኪኒኑን ስንት ሰዓት እንደሚወስዱት ነው። ስለ ጠበልም «ጠበል በነበሩበት ሰሞን ኪኒኑን እንዴት አደረጉት?» ማለት የእምነትን ምርጫ ሳይዳኝ መቋረጡን ያሳውቃል።

የወራት በዓላት ደግሞ ጥሩ መለኪያ ናቸው። በቀን አንድ የሚዋጥ 30 ኪኒን በሚካኤል፣ በወሩ 12ኛ ቀን የተጀመረ እንደሆነ፣ ጳጉሜን ካልገባበት ለሚቀጥለው ሚካኤል ዋዜማ ያልቃል። በጊዮርጊስ፣ በ23ኛው ቀን አሁንም ኪኒን ካለ፣ ከ11 ያላነሰ ቀን ታልፏል። ማንበብ የማይችሉ አረጋዊ እንኳ ይህን ያለ ወረቀት ያስታውሳሉ።

በእጅ ያለውን ማየት

ሁለተኛው ምንጭ ፌስታሉ ነው። ታካሚው እቤት ያለውን ኪኒን፣ ሽሮፕና ቅባት ሁሉ በቀጠሮው ዕለት ይዘው እንዲመጡ ይነገራቸው። ግዥ በተቀየረ ቁጥር አምራቹ ይቀየራል፤ ትናንት ነጭ የነበረው አምሎዲፒን ዛሬ ሌላ ቀለም ይዞ ሲመጣ፣ በዓይናቸው ለይተው የሚያውቁት አረጋዊ ሁለቱንም ሊውጡ ይችላሉ። ጎንደር ሆስፒታል የታዘዘውና ሳንጃ የተሰጠው ጎን ለጎን የሚታየውም እዚያው ፌስታል ውስጥ ነው። ለጉልበትና ለወገብ ሕመም ያለ ማዘዣ የተገዛ ዳይክሎፌናክ ከኢናላፕሪልና ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ከተገኘ ኩላሊት አደጋ ላይ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ደግሞ መጠን ከመጨመር በፊት የት እንደሚያስቀምጡት ይጠየቅ፤ ያልተከፈተ ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋል፤ ሳንጃ ቆላ ነው።

ችግሩን ከራስ እስከ እግር መጠየቅ

«የጎንዮሽ ጉዳት አለ?» ለሚለው ጥያቄ የሚመለስ ጥቂት ነው፤ ታካሚው ሕመሙን ከመድኃኒቱ ጋር ላያያይዘው ይችላልና። ስለ ማዞር፣ መውደቅ፣ ደረቅ ሳል፣ የእግር እብጠት፣ ሽንትና ጥቁር ሰገራ አንድ በአንድ መጠየቅ ይሻላል። ሮሾንና ጉርዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳብራሩት፣ የመድኃኒት ጉዳት እንደ አዲስ በሽታ ከተቆጠረ ሌላ መድኃኒት ይታዘዝበታል። ኢናላፕሪል ላመጣው ሳል የሳል ሽሮፕ፣ አምሎዲፒን ላመጣው እብጠት የሚያሸና ኪኒን መጨመር የዚህ ምሳሌ ነው። ዳማከሴውና ጤና አዳሙም «ሌላስ ምን ይረዳዎታል?» በሚል የአክብሮት ጥያቄ ይገለጣል።

ተናጋሪው ማን ነው?

ብዙ ጊዜ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ስለ አረጋዊው ይመልሳል፤ አልፎ አልፎም ብቻውን መጥቶ መድኃኒቱን ይወስዳል። ኪኒኑን የሚያቀርበው እሱ ከሆነ ምስክርነቱ ዋጋ አለው፤ ካልሆነ ግምት ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ መረጃውን የሰጠው ማን እንደሆነ ይጻፍ። አረጋዊው ከታካሚዎች ሰልፍና ከአጃቢያቸው ፈቀቅ ብለው፣ ጥቂት ደቂቃም ቢሆን ለብቻቸው ሊጠየቁ ይገባል።

ማጠቃለያ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 በመድኃኒት ምክንያት የሚደርስ ጉዳትን ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ከጀመረ ወዲህ ትኩረቱ ባመዛኙ በአዛዡና በአስረካቢው ስሕተት ላይ ሲያርፍ ይታያል። ከሳንጃ አንጻር ግን የጠያቂው ስሕተትም እኩል መመርመር አለበት። ሰዓት ለሚያጥረው የክትትል ክፍል ቅደም ተከተሉ ፌስታሉን ማየት፣ የትናንቱን ውሎ መስማት፣ ከዚያ ስለ ሰውነት ምልክቶች መጠየቅ ነው። የተገኘው ጉድለት ከነምክንያቱ በካርዱ ላይ ይስፈር፤ ጉዳት ከተጠረጠረም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በሚላከው ቅጽ ይመዝገብ። «ረስተዋል» ተብሎ የተጻፈና «በጾም ምክንያት ወደ ማታ አዛውረዋል» ተብሎ የተጻፈ ካርድ የሚያስፈልጋቸው መፍትሔ የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው አስታዋሽ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው የሰዓት ወይም የመድኃኒት ለውጥ።