ስጉነት

ስጉነት ጉዳት እንዳይደርስ በመፍራት ከሚያስፈልገው በላይ መጠንቀቅ ነው። ቃሉ «ስጉ» ከሚለው ቅጽል የተገኘ ሲሆን መነሻው «ሰጋ» የሚለው ግሥ ነው፤ «ስጋት»ም ከዚሁ ይወጣል። በእንግሊዝኛ የሚቀርበው «ቲሚድ» የመጣው መፍራትን ከሚያመለክት የላቲን ግሥ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ቃላት ፍርሃትን ሲያመለክቱ፣ «ጥንቁቅ» ማስተዋልን ያመለክታል። ጥንቁቅ የተባለ ይመሰገናል፤ ስጉ የተባለ ግን ይነቀፋል።

ልዩነቱ በግብርና በጉልህ ይታያል። በዲላ ዙሪያና በጌዴኦ ዞን ተዳፋት ላይ ገበሬው ገበያ የሚፈልገውን ቡና ብቻ አይተክልም፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትና ቡናን አብሮ ያለማል። የቡና ዋጋ ሲወርድ ወይም ዝናብ ሲያጥር እንሰቱ ቤተሰቡን ይመግባል። ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ የሚብላላው ቆጮ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል፤ ያልተነካው ተክልም ማሳው ላይ እንደ ስንቅ ይጠብቃል። መሬትን ሁሉ ለቡና አለመስጠት ላይ ላዩን ስጉነት ቢመስልም፣ ብዙ ሕዝብ በሰፈረበትና አፈሩ በቀላሉ ሊታጠብ በሚችልበት አገር ትክክለኛ ስሙ ጥንቃቄ ነው። ይህን አኗኗር የያዘው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።