«ሳንባ በአልትራሳውንድ አይታይም» የተባለበት ዘመን

አልትራሳውንድ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው ነፍሰ ጡር እናት ናት። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የግላስጎው የማህፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1958 ዝነኛ ጥናቱን ካሳተመ በኋላ መሣሪያው በዋናነት ማህፀንና ሆድ መመርመሪያ ሆነ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሳንባን ግን በዚህ መሣሪያ ለማየት የደፈረ ጥቂት ነበር። የድምፅ ሞገድ በሥጋና በፈሳሽ ውስጥ ደህና ያልፋል፤ አየር ሲገጥመው ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ነጥሮ ይመለሳል። ሳንባ ደግሞ አየር የሞላበት ነው። ስለዚህ ደረት ላይ ሲደረግ በስክሪኑ የሚወጣው ነገር ሁሉ ትርጉም የለሽ ብዥታ ተደርጎ ተቆጠረ። ታላላቅ የሕክምና መማሪያ መጻሕፍትም ይህንኑ አስተማሩ።

ይህን እምነት የተጋፈጠው ፈረንሳዊው የጽኑ ሕሙማን ሐኪም ዳንኤል ሊሽተንስታይን ነው። ከ1989 ጀምሮ በፓሪስ አጠገብ ቡሎኝ ቢያንኩር በሚገኘው አምብሯዝ ፓሬ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳን ሕመምተኛ ወደ ሲቲ ስካን ክፍል መውሰድ ለሕይወቱ ያሰጋል፤ አልጋ ላይ ተኝቶ የሚነሳው ራጅም ብዙ ጊዜ ጥራት ይጎድለዋል። ሊሽተንስታይን ግን አልትራሳውንዱን ወደ አልጋው አስጠግቶ ደረት ላይ አሳረፈው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ የሳንባ ሽፋን ከትንፋሽ ጋር ሲንሸራተት በአልትራሳውንድ እንደሚታይ ራንታነን የተባለ የእንስሳት ሐኪም በ1986 በፈረሶች ላይ ጽፎ ነበር። ስለ ሰው ሳንባ «አይቻልም» ሲባል በፈረስ መታየቱ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ሊሽተንስታይንና ባልደረቦቹ በ1997 ባሳተሙት ጥናት ያ የተናቀ ብዥታ የራሱ ሥርዓት እንዳለው አሳዩ። በአየር ከረጢቶቹ መካከል ያለው ስስ ሕብረ ሕዋስ ፈሳሽ ሲቋጥር ወይም ሲያብጥ፣ ከሳንባው ሽፋን ተነስተው እስከ ስክሪኑ ታች የሚወርዱ ነጭ ጨረሮች ይታያሉ። ዛሬ ቢ-መስመር ይባላሉ። በ2008 በወጣው ጥናታቸው ደግሞ ትንፋሽ አጥሯቸው ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ 260 ሰዎችን መርምረው፣ በ90.5 በመቶው የአልትራሳውንዱ ውጤት ከመጨረሻው የሐኪሞች ውሳኔ ጋር ተስማማ። ምርመራው ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

በተለይ በቫይረስ የሚመጣ የሳንባ ምች ለዚህ ምርመራ የተመቸ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣ የሳንባ ምች ብዙ ጊዜ አንዱን የሳንባ ክፍል ያጠጥራል። ቫይረስ ግን በሁለቱም ሳንባ እዚህም እዚያም ተበታትኖ፣ ብዙውን ጊዜ ከሽፋኑ ሥር፣ ጠርዝ ጠርዙን ይይዛል። አልትራሳውንድ የሚያየው ደግሞ ያንኑ ጠርዝ ነው። ሽፋኑ ሻክሮና ወፍሮ፣ ቢ-መስመሮች በደህና ቦታ እየተቆራረጡ፣ ትንንሽ የጠጠሩ ቦታዎች ከሥሩ ይታያሉ። የ2009ኙ ኤችዋን ኤንዋን ኢንፍሉዌንዛ ሲዛመት ጣሊያናውያን ሐኪሞች ሕሙማንን በዚህ መንገድ መርምረው ውጤቱን በ2012 አሳተሙ። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያ ራጃቸው ደህና መስሎ፣ አልትራሳውንዱ ግን ሕመሙን ያሳየባቸው ነበሩ።

ከዚያ ኮቪድ መጣ። በ2020 መጀመሪያ ቻይናውያን ሐኪሞች በ20 ሕሙማን ላይ ያዩትን አሳተሙ፤ ያዩትም ያንኑ ምልክት ነበር። በሮም ጀሜሊ ሆስፒታል የሚሠራው የሕፃናት ሐኪም ዳኒሎ ቡዎንሴንሶና ባልደረቦቹ በበኩላቸው ከስቴቶስኮፕ ይልቅ አልትራሳውንድ እንዲዘወተር ጠየቁ። ከራስ እስከ እግሩ በመከላከያ ልብስ የተሸፈነ ሐኪም ማዳመጫ ጆሮው ላይ ማድረግ ይቸግረዋል። በፕላስቲክ የተጠቀለለ ትንሽ አልትራሳውንድ ግን አልጋው ዘንድ ይገባል፤ ሕመምተኛውም ራጅ ፍለጋ በኮሪደር አይንገላታም። ሬኔ ላኔክ በ1816 የፈጠረው ስቴቶስኮፕ ከሐኪም አንገት ይውረድ ማለታቸው አልነበረም። ሲቲ ስካን በሌለበት ሆስፒታል ግን ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ለሆድ የሚያገለግለው ተራ አልትራሳውንድ ሳንባንም ያሳያልና።

ነገር ግን አልትራሳውንድ የቫይረሱን ስም አይናገርም። ከሽፋኑ ርቆ በሳንባው ጥልቀት ያለ ሕመምም ያመልጠዋል። በልብ ድካም ሳንባ ውኃ ሲቋጥርም ቢ-መስመር ይወጣል፤ ልዩነቱ ያኔ ሽፋኑ ለስላሳ፣ መስመሮቹም በሁለቱም በኩል ተመጣጣኝ መሆናቸው ነው። ይህን የሚለየው የሠለጠነ ዐይን ነው። ስለዚህ የአፍንጫ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሐኪሙ በየዕለቱ ያንኑ ደረት እያየ መስመሮቹ መብዛታቸውን ወይም መቀነሳቸውን ይከታተላል።