ሰኔ ላይ የሚደርሰው ምዕራፍ

በጎጃም ተፈጥሮን እያስተዋሉ መማር ከአስኳላ በፊት የነበረ ልማድ ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሊቆጥር ከጉባኤው ወጥቶ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ንቡም፣ ቡቃያውም፣ ወንዙም ለቅኔው ሰም መነሻ ይሆኑታል። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ይህ ልማድ አብሮት አልገባም።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ከመምህራኑም ብዙዎቹ ሕንዶች፣ ከ1955 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ነበሩ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ሁለተኛ ደረጃውን በእንግሊዝኛ አስቀጠለ። አባቱ ከበቆሎ ቀጥሎ ቦሎቄ ሲዘራ እያየ ያደገ የቡሬ ልጅ፣ የናይትሮጅንን ዑደት በአማርኛ ቢጠየቅ ከማሳው ምሳሌ ያመጣል፤ በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን የሸመደደውን ይጽፋል።

በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሰናዳው ትምህርት በሳተላይት አዲስ አበባም ፍኖተ ሰላምም በተመሳሳይ ሰዓት ይታይ ነበር። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አመለጠ። መምህሩም ስርጭቱን አቁሞ ተማሪዎቹን ወደ ግቢው ዛፍ ሊወስድ አይችልም ነበር።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን የደረሰው በምዕራፍ አደራደር ነው። ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የባዮሎጂ መጽሐፍ አካባቢን የሚመለከተው ትምህርት በ9ኛ ክፍል ስድስተኛውና የመጨረሻው ምዕራፍ፣ በ10ኛ ክፍል ደግሞ አምስተኛውና የመጨረሻው ነበር። በገጠር፣ አዝመራ ሲሰበሰብ ተማሪው ከክፍል ይቀራል፤ መምህሩ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ሰኔ ላይ፣ ፈተና ደጅ ቆሞ፣ በጥድፊያ ይነበባል። ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ሲወርድ በመስኮት የሚታየውም በዚያው ወር ነው! የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እስከቀረበት እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ የምርጫ ጥያቄ መለማመድ ከመስክ ጉብኝት ይቀድም ነበር፤ ልማዱ ከፈተናው ጋር አልቀረም።

የሚታይ ነገር ጠፍቶ አይደለም። የምዕራብ ጎጃም አፈር በብዙ ወረዳ አሲዳማ ሆኗል። ብርቱው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዝየሙን አጥቦ ይወስዳል፤ አገዳውና ገለባው ለመኖና ለማገዶ ስለሚሰበሰብ ከምድሩ የወጣው ወደ ምድሩ አይመለስም። ገበሬው ኖራ ይበትናል። ጥቂት አፈር፣ ጥቂት ኖራና ሊትመስ ወረቀት ያለው መምህር የንጥረ ነገሮችን ዑደት ከማንኛውም ሥዕል በተሻለ ማሳየት ይችላል። የአገር በቀል ዛፎች መጠጊያ የሆነው የቤተ ክርስቲያን ደንም ሩቅ አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት ይህንንም ዕድል ነጠቀ። በዚያው ነሐሴ ፍኖተ ሰላም በአየር ጥቃት ተመታች፤ በክልሉ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ለመስክ ትምህርት ወንዝ ዳር መውረድ ቀርቶ ክፍል መግባትም አስጊ ሆነ። አዲሱ የባዮሎጂ መጽሐፍም የመጣው በዚሁ ጊዜ ነው። በ9ኛ ክፍሉ ሥነ ምህዳር አሁንም ስድስተኛውና የመጨረሻው ምዕራፍ ነው።