ብራውዘርና ዊንዶውስ፤ አንድ ዕቃ ወይስ ሁለት?

አንድ ባለ ሱቅ ስኳር ሊገዛ የመጣውን ሰው «ሳሙናውንም አብረህ ካልወሰድህ ስኳሩን አልሸጥልህም» ቢለው፥ ገዢው በደል እንደ ደረሰበት ወዲያው ያውቃል። ስኳርና ሳሙና ሁለት ዕቃዎች መሆናቸውን ለማስረዳትም ጠበቃ አያስፈልግም። ዳሩ ግን ባለ ሱቁ ሳሙናውን በነፃ የሚሰጥ ቢሆንና «ሳሙናውና ስኳሩ ተዋሕደው አንድ ሆነዋል» ብሎ ቢከራከር ዳኛው ምን ይፈርዳል? በአሜሪካ አገር በማይክሮሶፍት ኩባንያ ላይ የተነሣው ታላቅ ሙግት ይህንኑ የሚመስል ነበር። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

አሜሪካኖች የንግድ ሞኖፖልን የሚከለክለውን ሕግ ያወጡት በ1890 ሲሆን፥ ሕጉ በኦሃዮው ሴናተር በጆን ሸርማን ስም ይጠራል። በ1911 ስታንዳርድ ኦይል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ እንዲከፋፈል የተፈረደበት በዚሁ ሕግ ነው። ሕጉ ትልቅ መሆንን ጥፋት አላደረገም፤ በዕቃው ጥራት ገበያውን የያዘ ነጋዴ አይከሰስም። የሚከሰሰው ከያዘው ገበያ ሌላው እንዳይደርስ በሩን በግፍ የዘጋው ነው።

በ1994 ጂም ክላርክና ማርክ አንድሪሰን ኔትስኬፕ የተባለውን ኩባንያ አቁመው፥ በኢንተርኔት ያለውን ጽሑፍና ሥዕል ፈልጎ የሚያሳየውን ብራውዘር በዚያው ዓመት መጨረሻ አወጡ። የማይክሮሶፍት አለቃ የነበሩት ሚስተር ቢል ጌትስ በ1995 ለበታች ሹሞቻቸው በላኩት ማስታወሻ ኢንተርኔትን በማዕበል መስለው፥ ኔትስኬፕንም እንደ አዲስ ተወዳዳሪ ቈጥረው ጻፉ። ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን በብራውዘሩ ላይ መሥራት የለመዱ እንደ ሆነ፥ ከሥር ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዊንዶውስ ቢሆን ወይም ሌላ ቢሆን ለተጠቃሚው ግድ አይሰጠውም። ስለዚህ ክርክሩ ለሳሙናው አልነበረም፤ ነገ ስኳሩን ማን ይሸጣል የሚል ነበር።

ማይክሮሶፍትም ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተባለውን የራሱን ብራውዘር በነፃ አድርጎ ከዊንዶውስ ጋር አያያዘው። በ1996 ኮምፓክ የተባለው ኮምፒዩተር ሠሪ የኤክስፕሎረርን ምልክት አንሥቶ የኔትስኬፕን ቢያኖር፥ የዊንዶውስ ፈቃዱ እንደሚሰረዝበት ማስጠንቀቂያ ደርሶት ምልክቱን መለሰ። «ኔትስኬፕን የሚፈልግ ራሱ አያመጣም ወይ?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ግን የሰውን ጠባይ እናውቃለን፤ በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠለትን ብዕር ትቶ ሌላ ለማምጣት እስከ ዕቃ ግምጃ ቤት የሚሄድ ጥቂት ነው።

ዳኛ ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን በ1997 መጨረሻ ሁለቱ ተለያይተው እንዲቀርቡ አዘዙ። ኩባንያው ለኮምፒዩተር ሠሪዎቹ ያቀረበላቸው ምርጫ ግን ወይ ያረጀውን ዊንዶውስ ወይ የማይሠራውን ነበር! በተከታዩ ዓመት የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን ትእዛዝ ሻረው፤ መንግሥትና 20 ክፍለ ግዛቶች ግን ሜይ 18 ቀን 1998 ሰፋ ያለ ክስ መሥርተው ነበር። በችሎቱ የፕሪንስተኑ ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ፌልተን ብራውዘሩን ከዊንዶውስ የሚለይ ፕሮግራም አሳዩ። ኩባንያውም ይህ ፕሮግራም ዊንዶውስን እንደሚያበላሽ የሚያሳይ ፊልም አቀረበ፤ የመንግሥቱ ጠበቃ ዴቪድ ቦይስ ሲመረምሩት ግን ፊልሙ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ያልተነሣ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ማስረጃ ከማቅረብ ዝም ማለት ይሻል ነበር።

ዳኛ ጃክሰን በ1999 ባወጡት የፍሬ ነገር ውሳኔ ከመቶው ቢያንስ 95 እጅ የሚሆነው ገበያ በዊንዶውስ እንደ ተያዘ አረጋገጡ፤ በ2000ም ኩባንያው ለሁለት እንዲከፈል ፈረዱ። ይሁን እንጂ ክርክሩ ሳያልቅ ለጋዜጠኞች በምስጢር ቃል መስጠታቸው ስለ ታወቀ፥ ይግባኝ ሰሚዎቹ ሰባት ዳኞች በ2001 ክፍያውን ሽረው እርሳቸውንም ከነገሩ አነሡ። ማይክሮሶፍት ሞኖፖሉን ከሕግ ውጭ ጠብቋል የሚለውን ግን በአንድ ድምፅ አጸኑ። ማያያዙ ራሱ ጥፋት ነውን? የሚለው ነጥብ እንደ ገና እንዲመረመር ቢመለስም፥ መንግሥት በዚያው ዓመት ስለ ተወው ዳኛ ሳያየው ቀረ። ስለዚህ አንድ ዕቃ ነው ወይስ ሁለት የተባለው ጥያቄ፥ ያን ያህል ቀለም ከፈሰሰበት በኋላ፥ የመጨረሻ መልስ አላገኘም። ኔትስኬፕም ፍርዱን አልጠበቀም፤ በ1999 ለአሜሪካ ኦንላይን ተሸጦ፥ ብራውዘሩ በ2008 ድጋፍ ተቋረጠበት።

አውሮፓውያን ሌላ መንገድ ያዙ። በ2009 ማይክሮሶፍት የብራውዘሮችን ስም ዝርዝር ለተጠቃሚው አቅርቦ እንዲያስመርጥ ቃል አስገቡት፤ ዝርዝሩ በአንዳንድ ኮምፒዩተሮች ላይ ሳይታይ ቢቀር በ2013 561 ሚሊዮን ኤውሮ ቀጡት። በአሜሪካም ዳኛ አሚት መህታ በ2024 ጉግል የፍለጋ ሞኖፖሉን ከሕግ ውጭ ጠብቋል ብለው ሲፈርዱ የተደገፉት በዚያው በ2001ዱ ውሳኔ ላይ ነበር። ጉግል ክሮም የተባለውን ብራውዘሩን እንዲሸጥ መንግሥት ያቀረበውን ጥያቄ ግን በ2025 አልተቀበሉትም።