ጥይት ዋጭ ኮንክሪት

ጥይት ዋጭ ኮንክሪት በተኩስ መለማመጃ ሜዳዎችና ቤቶች ውስጥ የሚተከል፣ የተመታበትን ጥይት አንጥሮ ሳይመልስ በውስጡ ይዞ የሚያስቀር፣ በአረፋ የቀለለና በቃጫ የተያያዘ የኮንክሪት ዓይነት ነው። ከዚህ ወገን በሰፊው የተጠናው የአሜሪካ ጦር የምህንድስና ክፍል ያዘጋጀውና ሳኮን በሚል ምህጻር የሚታወቀው ነው። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳኮን የተሠራው በ1980ዎቹ ሚሲሲፒ ግዛት ቪክስበርግ ከተማ በሚገኘው የውሃ መንገዶች ሙከራ ጣቢያ ነው። ጣቢያው የጦር ተቋም ቢሆንም አመጣጡ ከጥይት ጋር ግንኙነት የለውም፤ በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ሰፊ አገር ካጥለቀለቀ በኋላ በ1929 የጎርፍ መከላከልን ጉዳይ እንዲያጠና የተቋቋመ ነበር። ግድብና የወንዝ ዳርቻ ሲያጠኑ የኮንክሪትን ጠባይ የተማሩት መሐንዲሶች፣ ጦሩ ወታደሮቹን በከተማ ውጊያ በእውነተኛ ጥይት ማሠልጠን ሲፈልግ ሌላ ጥያቄ ቀረበላቸው፦ ክፍል ውስጥ የተተኮሰ ጥይት ከግድግዳው ነጥሮ ተኳሹን ወይም ጓደኛውን እንዳይመታ ምን ዓይነት ግድግዳ ይሠራ?

መደበኛ ኮንክሪት ለዚህ ሥራ የማይሆነው ጠንካራ ስለሆነ ነው። በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የግንባታ ኮንክሪት በቅርብ ርቀት ሲመታ ፊቱ ይፈረፈራል፤ ጥይቱም እንደ አመታቱ ማዕዘን ተሰባብሮ ይበተናል ወይም አቅጣጫውን ቀይሮ ይነጥራል። ኤም 855 የተባለው የ5.56 ሚሊ ሜትር ጥይት 4 ግራም ያህል ብቻ ቢመዝንም ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 940 ሜትር ገደማ ስለሚበር ከ1,700 ጁል የሚበልጥ ጉልበት ይይዛል። የተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት በክብደት የዚህ እጥፍ ሆኖ ሳለ ጉልበቱ ሲሶ ገደማ ነው፤ ፍጥነቱ ያንሳልና። ጠንካራ ግድግዳ ይህን ጉልበት በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ ነጥብ ላይ ለመመለስ ይሞክራል። አረፋማው ኮንክሪት ግን ይሸነፋል። በውስጡ የተዘጉት ጥቃቅን የአየር ክፍተቶች ጥይቱ በገፋቸው ቁጥር አንድ በአንድ እየተደረመሱ ጉልበቱን ይበሉታል፣ ጥይቱም ረዘም ባለ መንገድ ቀስ በቀስ ይቆማል። ቃጫው ደግሞ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ክፍል እንዳይላጥና ቁራሽ ሆኖ እንዳይፈናጠር ይይዘዋል። ንድፉ እንግዲህ ጥንካሬን ከፍ ማድረግ ሳይሆን ድክመትን በልክ መስፈር ነው፤ ለግንባታ ባለሙያ ይህ ከልማዱ የተገለበጠ አስተሳሰብ ነው።

ቅይጡና አሠራሩ

ፖርትላንድ ሲሚንቶ፣ ደቃቅ አሸዋ፣ ውሃ፣ ቃጫና አረፋ ዋናዎቹ ናቸው። ጠጠር አይገባበትም፤ ፌሮም አይታሰርበትም። ጥይት ጠጠር ካገኘ መንገዱን ይስታል፣ ፌሮ ካገኘ ደግሞ ግድግዳው የተሠራበት ዓላማ እዚያው ይፈርሳል። ቃጫው የብረት ወይም የፖሊፕሮፒሊን ሊሆን ይችላል፤ ፖሊፕሮፒሊን አይዝግም።

አረፋው ለብቻው ይዘጋጃል። አረፋ ፈጣሪው ፈሳሽ በውሃ ተበርዞ በታመቀ አየር ይነፋና፣ ማደባለቂያው ውስጥ ባለው የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ ላይ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። መቼ እንደሚበቃ የሚታወቀው በሚዛን ነው፦ ይዘቱ የታወቀ ዕቃ በቅይጡ ይሞላና ይመዘናል። ለሳኮን የተለመደው ዒላማ በሜትር ኩብ 1,440 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ከዚህ ከከበደ አረፋ ይታከልበታል። አብዝቶ ማደባለቅ አረፋውን ስለሚገድለው ጊዜውም ይጠበቃል። ካሳፎርማው ውስጥ ከፈሰሰ በኋላ ቫይብሬተር አይነካውም፤ ለመደበኛ ሙሌት ግዴታ የሆነው መሣሪያ እዚህ አየሩን አስወጥቶ ሥራውን ያበላሻል። በአንድ ጊዜ ከፍ አድርጎ መሙላትም የታችኛውን አረፋ በክብደት ይጨፈልቀዋል፤ ያ ግድግዳ ከላይ ለስላሳ፣ ከታች ጠጣር ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሙሌት መመዘን አለበት፤ ከውጭ ሲታይ ጥሩውና መጥፎው ብሎኬት አንድ ናቸው።

ውፍረቱ የሚወሰነው አንድ ጥይት በሚገባበት ጥልቀት ብቻ አይደለም። በ25 ሜትር የማስተካከያ ሜዳ ወታደሩ የጠመንጃውን ዒላማ መመልከቻ ለማስተካከል ጥቂት ጥቂት ጥይት ደጋግሞ ወደ አንድ ነጥብ ስለሚተኩስ፣ ከዒላማው ጀርባ ያለው ቦታ እየተቦረቦረ ይሄዳል። ንድፍ አውጪው የሚያስበው ከብዙ ተኩስ በኋላ የሚቀረውን ውፍረት ነው። ብሎኬቶቹ የሚቀያየሩ ሆነው የሚሠሩትም ለዚህ ነው። መጋጠሚያቸው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ከተከፈተ ጥይት ሊያልፍበት ስለሚችል፣ ከኋላ ሌላ ረድፍ ወይም የአፈር ክምር ይደረጋል።

የእርሳሱ ነገር

የቆመ ጥይት ጠፋ ማለት አይደለም። የአብዛኛው ጥይት ልብ እርሳስ ነው፤ እርሳስ ደግሞ በዝናብ ውሃ እየሟሟ ወደ አፈርና ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሊወርድ ይችላል። ጉዳዩ በአሜሪካ በ1990ዎቹ ፍርድ ቤትና ሕግ ውስጥ ገባ። በ1993 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በኮኔቲከት ግዛት ስትራትፎርድ በሚገኝ የባሕር ዳር የተኩስ ክበብ የተከማቸው የእርሳስ እንክብል ደረቅ ቆሻሻ ነው ሲል ወሰነ። በ1997 ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በማሳቹሴትስ ካምፕ ኤድዋርድስ በእርሳስ ጥይት መለማመድን አገደ፤ ከሥሩ ያለው ውሃ የኬፕ ኮድ ነዋሪዎች የሚጠጡት ነበር። ጦሩ በእርሳሱ ፈንታ ተንግስተንና ናይሎን የተቀላቀለበት ጥይት አመጣ፤ ቆይቶ ተንግስተኑም ውሃው ውስጥ ተገኘና በ2006 ቆመ። ጥይቱን መቀየር ከመያዣው ይልቅ ይቀላል የሚለውን ሐሳብ ይህ ታሪክ አያበረታታም።

ሳኮን ከግድግዳነት ወደ ጥይት ማጠራቀሚያነት የተሸጋገረው በዚሁ ዘመን ነው። በኬንታኪ ፎርት ኖክስና በኒው ዮርክ ዌስት ፖይንት ተተክሎ ተሞከረ። ኬሚስትሪው ግን ቀላል አልነበረም። የአዲስ ሲሚንቶ ውሃ ፒኤች ከ12 በላይ ነው፤ እርሳስ በአሲድ ብቻ ሳይሆን በጣም አልካላይን በሆነ ውሃም ይሟሟል፣ በመጠኑ አልካላይን በሆነው ላይ ግን እምብዛም አይሟሟም። መፍትሔው ቅይጡ ላይ ካልሲየም ፎስፌት መጨመር ሆነ፤ ፎስፌቱ ከእርሳስ ጋር ተዋህዶ በውሃ ፈጽሞ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የማይሟሟ ማዕድን ይፈጥራል። በአሜሪካ ደንብ የቆሻሻ ናሙና በአሲድ ታጥቦ በሊትር 5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ እርሳስ ከለቀቀ አደገኛ ይባላል። ኮንክሪት የፈተናውን አሲድ ራሱ ስለሚያመክን ፈተናውን ማለፍ ይቀናዋል፤ ይህ ውጤት ግን ብሎኬቱ ሜዳ ላይ ለዓመታት ዝናብ ሲመታው የሚሆነውን ሁሉ አይናገርም።

ያረጀው ብሎኬት ሊፈጭ፣ ጥይቱ በወንፊት ሊለይና ዱቄቱ ለአዲስ ቅይጥ በአሸዋ ፈንታ ሊገባ ይችላል። አቧራው እርሳስ ስላለበት ሥራው ውሃ እየተረጨና በመተንፈሻ መከላከያ መሆን አለበት። በዋጋ ሲታይ የአፈር ክምር ሁልጊዜ ይረክሳል፤ የእርሳስ ማጽጃው ወጪ እስኪመጣ ድረስ። የተከተፈ ጎማ የሚሞላባቸው ማጠራቀሚያዎችም አሉ፤ ጎማ ግን በእሳታማ ጥይት ሊቀጣጠል ይችላል፣ ኮንክሪቱ አይነድም።

ከ2010 ጀምሮ የአሜሪካ ጦር የያዘው ኤም 855 ኤ 1 ጥይት እርሳስ የለበትም፤ ጫፉ ብረት፣ ልቡ መዳብ ነው። ይህ የእርሳሱን ጥያቄ ቢያቃልልም ጠጣሩ ጫፍ ዘልቆ የመግባት ኃይሉን ጨምሯል። ለእርሳስ ጥይት የተሰላ ብሎኬት ለዚህኛው ይበቃል ተብሎ አይገመትም፤ ውፍረቱና ክብደቱ እንደገና በተኩስ ይፈተናል።